ከአደጋው ወዲህ መኪና ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ እንደምን ከረሙ? የ34 ዓመት ሴት ነኝ። ከ8 ወር በፊት በዝናብ ስንሄድ መኪናችን ተንሸራቶ ከመንገድ ወጣ። እግዚአብሔር ይመስገን ማናችንም አልተጎዳንም። ከዚያ ወዲህ ግን መኪና ውስጥ ስገባ ልቤ ይመታል፣ እጄን ያልበኛል፣ ጣቶቼ ይደነዝዛሉ፣ ራሴን ስቼ የምወድቅ ይመስለኛል። ባለቤቴ ሲነዳ እኔ ጎኑ ተቀምጬ ፍሬን የያዝኩ ይመስል ወለሉን በእግሬ እጫናለሁ። ሩቅ መንገድማ ጭራሽ ትቻለሁ፤ የእህቴ ሰርግ እንኳ ሳልሄድ ቀረሁ። ባለቤቴ “አታካብጂ” ይለኛል። በሽታ ነው ወይስ እኔ ነኝ ፈሪ የሆንኩት? መድኃኒትስ አለው?

መልስ፦ እህቴ፣ ፈሪ አይደሉም። ማካበድም አይደለም። ይሄ የታወቀ ችግር ነው፣ ደግሞም በደንብ ይድናል።

መጀመሪያ ሰውነትዎ ምን እየሆነ እንደሆነ ልንገርዎት፤ ምክንያቱን ማወቅ ብቻውን ግማሹን ድንጋጤ ያቀላል። አንጎላችን ውስጥ አሚግዳላ የሚባል የለውዝ ፍሬ የሚያህል ክፍል አለ። ሥራው አደጋ ሲመጣ መጮህ ነው። በዚያ ቀን የዝናቡን ድምፅ፣ የጎማውን መንሸራተት፣ የወንበሩን ሽታ ሁሉ አንድ ላይ አድርጎ “ይሄ ሞት ነው” ብሎ መዘገበው። ስለዚህ ዛሬ በሩ ገና ዷ ብሎ ሲዘጋ አድሬናሊን የሚባል የድንጋጤ ሆርሞን ይለቀቃል፣ ልብ ይፈጥናል፣ ላብ ይመጣል። ይሄ ሁሉ እንዲሮጡ ነው። እርስዎ ግን ቀበቶ አስረው ተቀምጠዋል።

የጣቶችዎ መደንዘዝ ደግሞ ከአተነፋፈስ የሚመጣ ነው። ስንፈራ ሳናውቀው ቶሎ ቶሎ እንተነፍሳለን። ያኔ በደም ውስጥ ያለው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይቀንሳል፣ ጣትና ከንፈር ይደነዝዛል፣ ራስ ይዞራል። ራሴን እስታለሁ ብለው አይስጉ፤ ሰው ብዙ ጊዜ ራሱን የሚስተው የደም ግፊቱ ሲወርድ ነው፣ በእንዲህ ዓይነቱ ድንጋጤ ጊዜ ግን ግፊት ከፍ ነው የሚለው። ድንጋጤው አብዛኛውን ጊዜ በ10 ደቂቃ ገደማ ጫፍ ላይ ይደርስና ከዚያ ራሱ ይወርዳል። ምንም ባያደርጉም ይወርዳል! ይሄን ያዙልኝ፣ ሕክምናው ሁሉ የቆመው እዚህ ላይ ነው።

አሁን አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ወደ ሰርጉ አልሄድም ያሉ ለታ ምን ተሰማዎት? እፎይታ ነው አይደል? ችግሩን የሚያሳድገው ያ እፎይታ ነው። አንጎልዎ “ያልሞትኩት ስላልሄድኩ ነው” ብሎ ይማራል። በሚቀጥለው ጊዜ ይበልጥ ይጮሃል፣ እርስዎም ይበልጥ ይቀራሉ፣ ዛሬ ሩቁ መንገድ ቀረ፣ ነገ የቅርቡ ይቀራል። ወለሉን መርገጡም፣ እጀታውን ሙጭጭ አድርጎ መያዙም፣ ዓይን መጨፈኑም ያው ሽሽት ነው፤ አንጎልዎ “የዳንነው እጀታውን ስለያዝኩ ነው” ይላልና።

እና ሕክምናው ምንድን ነው? በትንሽ በትንሹ መመለስ። በአንድ ጊዜ ዘልለው ሩቅ መንገድ አይግቡ፣ ባለቤትዎም “ዛሬ ይለቅሻል” ብለው በግድ አይውሰዱዎት። ወረቀት ይያዙና ከቀላሉ እስከ ከባዱ ይጻፉ። የመጀመሪያው ለምሳሌ ሞተሩ ጠፍቶ በቆመ መኪና ውስጥ መቀመጥ ይሁን። በሩን ይዝጉ፣ ቀበቶውን ይሰሩ፣ ፍርሃትዎን ከ10 ስንት እንደሆነ ይጻፉ። 7 ከሆነ 7 ይበሉ። ከዚያ ይቀመጡ። እጅዎ ጭንዎ ላይ ይረፍ፣ እግርዎ ይላላ፣ በመስኮት ውጭውን ይዩ። ከ5 ደቂቃ በኋላ 8 ሊሆን ይችላል፤ እንዳይወርዱ! በ20 ወይም በ30 ደቂቃ ውስጥ ወደ 4፣ ወደ 3 ሲወርድ ያዩታል። የሚወርዱት ያኔ ነው። 8 ላይ እያሉ ከወረዱ አንጎልዎን ፍርሃትን አስተማሩት ማለት ነው። ይህን በየቀኑ ይድገሙ፣ በሳምንት አንዴ አይበቃም። ሲሰለችዎት ሞተሩ ይነሣ። ከዚያ ጭር ያለ አጭር መንገድ፣ ከዚያ ዋናው ጎዳና፣ ከዚያ ዝናብ ያለበት ቀን፣ መጨረሻ ላይ አደጋው የደረሰበት ቦታ።

ለትንፋሽ፣ በአፍንጫ እስከ 4 እየቆጠሩ ያስገቡ፣ እስከ 6 እየቆጠሩ ያስወጡ። ላስቲክ ውስጥ መተንፈስ የሚሉትን ግን ይተዉት፣ አደገኛ ነው። መኪና ከመግባትዎ በፊት ቡና ባይጠጡ ይሻላል፣ የልብ ምቱን ያባብሰዋል።

ለባለቤትዎም አንድ ቃል። ወንድሜ፣ “አታካብጂ” አይረዳትም። ከመነሣታችሁ በፊት በየት እንደምትሄዱ ንገራት፣ ስልክህን አስቀምጥ፣ ፍጥነትህን ቀንስ። በየደቂቃው “አይዞሽ” ማለትም አያስፈልግም፤ ዝም ብለህ በሰላም ንዳ።

እዚህ ላይ ሳልናገር የማላልፈው አለ። ፍርሃት ሁሉ በሽታ አይደለም። ሹፌሩ ጠጥቶ ከሆነ፣ እየበረረ ከሆነ፣ ስልክ እያወራ ከሆነ መፍራትዎ ልክ ነው። “ቀስ በል” ይበሉ፣ ካልሰማም ይውረዱ። ቀበቶም ሁልጊዜ ይሰሩ፤ የፊት ወንበር ተሳፋሪን የመሞት አደጋ በግማሽ ገደማ ይቀንሳል።

ስለ መድኃኒቱ፣ ዳያዜፓም የመሳሰሉትን ማረጋጊያ ክኒኖች ከሰው ተቀብለው እንዳይውጡ። ለጊዜው ያረጋጋሉ፣ ግን ሱስ ያስይዛሉ፣ አንጎልዎም “ያዳነኝ ክኒኑ ነው” ብሎ ስለሚያስብ ልምምዱን ያበላሹታል። የልብ ምትን የሚያዘገየው ፕሮፕራኖሎልም አስም ላለበት ሰው አደገኛ ነው። ችግሩ ከጠና እንደ ሰርትራሊን ያሉ ሱስ የማያስይዙ መድኃኒቶች አሉ፣ ለመሥራት ግን ሳምንታት ይፈጃሉ፣ በሐኪም ትእዛዝ ብቻ።

አንድ ጊዜ ግን መመርመርዎ ጥሩ ነው። አንገት ላይ ያለው የታይሮይድ እጢ ከመጠን በላይ መሥራት፣ የደም ማነስና የልብ ምት መዛባት ተመሳሳይ ስሜት ሊያመጡ ይችላሉ። በተለይ የልብ ምቱ መኪና ውስጥ ሳይሆኑም የሚመጣ ከሆነ ወይም ደረጃ ሲወጡ ደረትዎን ካመመዎት አይዘግዩ።

ሌላው፣ አደጋው በሕልምዎ ይመጣል? ቀን ላይ ድንገት እንደገና እየሆነ ያለ ይመስልዎታል? በትንሽ ድምፅ ይደነግጣሉ? እነዚህ ከ1 ወር በላይ ከቆዩ ከአደጋ በኋላ የሚመጣ፣ ፒቲኤስዲ የሚባል የአእምሮ ሕመም ሊሆን ይችላል። ያኔ ልምምዱን ብቻዎን አይጀምሩ፤ ወደ ሥነ ልቦና ባለሙያ ወይም ወደ አእምሮ ሐኪም ይሂዱ። ለእሱም ጥሩ የንግግር ሕክምና አለ።

እነዚህ ምልክቶች ከሌሉብዎት ግን ዛሬ ማታ ቁልፉን ከባለቤትዎ ይቀበሉ። ሞተሩን አያስነሡ። ይቀመጡና የመጀመሪያውን ቁጥር ይጻፉ።