ሌሊት ደጋግሞ የሚነቃ ሕፃን ወተት አንሶት ነው?

ጥያቄ፦ ወንዱ ልጄ 7 ሳምንት ሞልቶታል። ሌሊት 3 ወይም 4 ጊዜ እየተነሣ ይጠባል። ቁጭ ብዬ ሳጠባው ወገቤ ይቆረጣል፤ የቀኝ ጡቴ ጫፍም ተሰነጣጥቋል። አማቴ «ወተትሽ አንሶት ነው፤ ማታ ማታ አብሽ ወይ ጡጦ ስጪውና ይተኛ» ይሉኛል። ምን ይሻለኛል?

መልስ፦ ወተት ማነሱ የሚታወቀው በመንቃቱ ሳይሆን በሽንቱ ነው። በ24 ሰዓት 6 ወይም ከዚያ በላይ ዳይፐር ካራሰ፣ ሽንቱ ነጣ ካለና በ6 ሳምንት ክትባቱ ሲመዘን ክብደት ከጨመረ ወተቱ በቅቶታል። በዚህ ዕድሜ በቀንና በሌሊት ከ8 እስከ 12 ጊዜ መጥባት የተለመደ ነው።

የማታውን ጡጦ አንመክርም። ወተት የሚያመነጨው ፕሮላክቲን የተባለው ሆርሞን ሌሊት ከፍ ይላል፤ ጡትም የሚያመርተው በተጠባው ልክ ነው። ሌሊቱን ከዘለሉ ጡትዎ ይወጠራል፣ ቀስ በቀስም ወተቱ ይቀንሳል፤ ያኔ የአማትዎ ስጋት እውነት ይሆናል። አብሹም ትንሿን ሆድ ሞልቶ የወተቱን ቦታ ይይዛል፤ ውሃው ወይም ዕቃው ንጹሕ ካልሆነ ደግሞ ተቅማጥ ያመጣል። እስከ 6 ወር ድረስ ውሃ እንኳ አያስፈልገውም። አማትዎ ማገዝ ከፈለጉ ልጁን ማስገሳቱን ይረከቡልዎ፣ አጥሚቱንም ለእርስዎ ያፍሉ።

ለወገብዎ በጎንዎ ተኝተው ያጥቡ። አንድ ትራስ ከራስዎ ሥር፣ አንዱን ከጀርባዎ፣ ሌላውን በጉልበቶችዎ መካከል ያድርጉ። ልጁን በጎኑ፣ ሆዱን ከሆድዎ አስጠግተው ያስተኙት። አፍንጫው ከጡትዎ ጫፍ ትይዩ ይሁን። ብዙ እናቶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፤ አፉን ትይዩ ሲያደርጉት ጫፉን ብቻ ይጎርሳል። አፍንጫው ትይዩ ከሆነ ግን ቀና ብሎ አፉን በሰፊው ይከፍታል፤ ያን ጊዜ ጭንቅላቱን ሳይገፉ ጀርባውን ይዘው ወደ ራስዎ ሳብ ያድርጉት። በደንብ ሲጎርስ የታች ከንፈሩ ወደ ውጭ ይገለበጣል፣ አገጩ ጡትዎን ይነካል፣ ሲውጥም ይሰማል። በጫፉ ዙሪያ ካለው ጠቆር ያለ ቆዳ ከታች ይልቅ ከላይ በኩል የሚታየው ይበዛል።

የቀኙ ጫፍ የተሰነጠቀው በአጎራረሱ ሳይሆን አይቀርም። ሕመሙ ከመጀመሪያዎቹ ሴኮንዶች አልፎ ከቀጠለ አይታገሱት። ጎትተው ካላቀቁት ቁስሉ ይብሳልና፣ ንጹሕ ጣት በአፉ ጥግ አስገብተው ያስለቅቁትና እንደገና ያስጎርሱት። ጠብቶ ሲያበቃ ጥቂት ወተት አልበው ጫፉን ይቀቡት፣ በነፋስም ይድረቅ፤ ሳሙና አያስነኩት። ጡትዎ ቀልቶ ከጠጠረና ካተኮሰዎት ማጥባቱን ሳያቋርጡ በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ይሂዱ።

መብራቱ ደብዘዝ ይበል፤ ካካ ካላለ በቀር ዳይፐሩን ለመቀየር አይቀስቅሱት። በሚቀጥለው ዙር በሌላው ጡት ይጀምሩ።

አንድ አደራ አለን፤ እንቅልፍ እያዳፋዎት ሶፋ ላይ አያጥቡት፣ ሊታፈን ይችላል። አልጋ ላይም ቢሆን ጋቢና ትራስ ከፊቱ ይራቅ። ጠግቦ ሲለቅ በጀርባው አንጋለው፣ ከአልጋዎ አጠገብ በራሱ መኝታ ያስተኙት።