እርሳሱን ለልጁ መልሱለት

ስለ ልጆች ሥዕል የላካችሁልኝ ጥያቄ ተጠራቅሟል። ዛሬ የመምህራኑንም የወላጆቹንም ቀላቅዬ ልመልስ።

«ሦስተኛ ክፍል አስተምራለሁ። 60 ልጆች አሉኝ፣ ትምህርት ቤቱ ግን ቀለም የሚባል ነገር የለውም። ምን ላድርግ?» (መምህርት፣ ከደሴ)

እህቴ፣ ጓዳ ግቢ። እርድ ቢጫ ነው፣ ቡና ቡኒ፣ ቀይ ሥር ሮዝ፣ ከሰል ጥቁር። ብሩሽ ከሌለ መፋቂያ አለ፤ ጫፉ እስኪበተን ታኝኮ ቀለም ውስጥ ሲነከር ጥሩ አድርጎ ይሠራል፣ ደግሞ ለየልጁ የራሱ ይሁን። ከሁሉ የምወደው እርዱን ነው። በውሃ በጥብጠሽ ወረቀት ላይ ይቀቡት፤ ሲደርቅ አመድ ያደረበት ውሃ አጥልለሽ ጠብ አድርጊበት። ቢጫው ዓይናቸው እያየ ወደ ቀይ ቡኒ ይለወጣል! ሎሚ ሲነካው ደግሞ ወደ ቢጫው ይመለሳል። በአንድ ፔሬድ ሥዕልም ሳይንስም አስተማርሽ ማለት ነው። የአመዱን ውሃ ግን አንቺው ያዢው፣ ዓይን ያቃጥላል። ሥዕሎቹንም ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ላይ አትለጥፊ፣ እርድ ቶሎ ይደበዝዛል። ደግሞ 60ውንም በአንዴ ቀለም አታስነኪ፤ ግማሹ ሲቀባ ግማሹ በእርሳስ ይሥራ፣ አለዚያ ጉድሽ ፈላ።

«መምህሩ ሰሌዳ ላይ ቤት ይሥላል፣ ልጆቹ ይገለብጣሉ። ልጄ የራሷን ቤት ብትሥል ከ10 አራት ሰጣት። ልክ ነው?» (አባት፣ ከአዲስ አበባ)

ልክ አይደለም። ለመሆኑ ያ ሦስት ማዕዘን ጣሪያና ጭስ ማውጫ ያለው ቤት የትኛው ሰፈር ነው ያለው? ልጅዎ ኮንዶሚኒየም ውስጥ የምትኖር ከሆነ፣ በረንዳ ላይ የተሰጣ ልብስና የተደረደረ ዲሽ ብትሥል በዓይኗ ያየችውን ሠራች እንጂ አላጠፋችም። መምህሩን ረጋ ብለው ያነጋግሯቸው፤ እሳቸውም የተማሩት እንደዚያው ከሰሌዳ እየገለበጡ ሊሆን ይችላል። ማርክ መስጠት ግድ ከሆነ «ምን አየች? ምን ሞከረች?» ተብሎ ይሰጥ።

«የስድስት ዓመት ልጄ እኔን ሲሥለኝ እጄ ከጭንቅላቴ ይበልጣል፣ ሆዴ ውስጥ ያለው ሕፃንም ይታያል። ያሳስበኝ?» (እናት፣ ከባሕር ዳር)

በፍጹም። በዚህ ዕድሜ የሚሥለው የሚያየውን ሳይሆን የሚያውቀውን ነው። እጅሽ የተለቀው የሚያጎርሰው እሱ ስለሆነ ይሆናላ! የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንስ ዓይን አጉልተው ይሥሉ የለ? ቅዱሳኑን ፊት ለፊት፣ ክፉዎቹን በአብዛኛው በጎን፣ በአንድ ዓይን። መሣል አይችሉም ያላቸው የለም። እንኳን ማርያም ማረችሽ ለማለት ያብቃን።

«የአሥር ዓመት ልጄ ‹አልችልም› ብላ ሥዕል እርግፍ አድርጋ ተወች።» (ከሐዋሳ)

ብዙ ልጅ የሚተወው እዚህ ዕድሜ ላይ ነው። የሠራችው ቁርጥ እውነተኛውን እንዲመስል ትፈልጋለች፣ እጇ ደግሞ ገና ነው። «ጎበዝ፣ ያምራል» ማለት አይጠቅማትም፤ እንደማያምር ራሷ ታውቃለች። አንድ ዘዴ ስጧት። ጀበና ፊቷ አስቀምጡና «ጀበናውን ተዪው፣ በእጀታውና በአንገቱ መሃል ያለችውን ክፍት ቦታ ብቻ ሣዪ» በሏት። የዚያን ክፍተት ቅርጽ አስቀድማ አታውቀውም፣ ስለዚህ ከጭንቅላቷ ማምጣት አትችልም፣ የግድ ታያለች። ክፍተቷ በትክክል ስትወጣ ጀበናው ራሱ ይወጣል። እርሳሱን ተቀብሎ «እንዲህ ነው» ማለት ግን ክልክል ነው። ታላቅ ወንድምም ቢሆን!

«ዲዛይን ለአንደኛ ደረጃ አይከብድም?» (መምህር፣ ከጎንደር)

ምን ይከብዳል? ከቤት የነጠላ ጥለት አምጥተው ይዩ፤ የትኛው ቅርጽ ነው የሚደገመው? ስንት ቀለም አለው? ከዚያ የራሳቸውን ቅርጽ ይፍጠሩ፣ ግማሽ ድንች ላይ እርስዎ በቢላ ይቅረጹላቸው፣ ቀለም እየነከሩ በተርታ ያትሙ። ቀለም የነካው ድንች ግን ለወጥ እንዳይመለስ አደራ።