ሃይድሮጂን ወይስ ባትሪ? ስለ መኪኖች የኃይል ብክነት ጥያቄና መልስ

የሃይድሮጂን መኪና ስል በሲሊንደር ውስጥ ሃይድሮጂን ይዞ በፊውል ሴል ወደ ኤሌክትሪክ የሚቀይረውን ማለቴ ነው። ሞተሩ እንደ ባትሪው መኪና ሞተር ኤሌክትሪክ ነው። ሥራዬ ኤሌክትሪክ ስለሆነ ወደ ባትሪው እንደማደላ አስቀድሜ ልናገር፤ ስሌቱን ግን ማንም እንደገና ሊሠራው ይችላል። ጥያቄዎቹን እንደ አመጣጣቸው እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ የሃይድሮጂን መኪና የሚያወጣው ንጹሕ ውሃ ብቻ ነው። ታዲያ ባከነ የሚባለው ኃይል የት ሄደ?

መልስ፦ ትልቁን ክፍል መኪናው ላይ አያገኙትም፤ ሃይድሮጂኑ መኪናው ዘንድ ሳይደርስ ገና በመንገድ ላይ ቀርቷል። 100 ኪሎዋት ሰዓት ኤሌክትሪክ ይዘን ሁለቱንም መንገድ እንከተል።

በባትሪው መንገድ 5 ያህሉ በማስተላለፊያ መስመር ላይ ይቀራል። ባትሪው ሲሞላና መልሶ ሲሰጥ ሌላ 10 ወይም 15 ሙቀት ሆኖ ይጠፋል። ኢንቨርተሩ (የባትሪውን ኤሌክትሪክ ሞተሩ በሚፈልገው ዓይነት የሚቀይረው መሣሪያ) እና ሞተሩም ድርሻቸውን ይወስዳሉ። ጎማው ላይ የሚደርሰው ከ70 እስከ 80 ነው።

በሃይድሮጂኑ መንገድ ያው ኤሌክትሪክ መጀመሪያ ውሃን ወደ ሃይድሮጂንና ኦክስጅን ይሰነጥቃል፤ እዚህ ብቻ ሲሶው ይሄዳል። ጋዙን ማመቅ፣ ማጓጓዝና ማቀዝቀዝ ከቀረው ላይ አንድ አሥረኛ ገደማ ይበላል። ቀጥሎ ፊውል ሴሉ ከደረሰው ኃይል ግማሹን ወይም ትንሽ አለፍ ያለውን ብቻ ወደ ኤሌክትሪክ ይመልሳል፤ ሌላው ሙቀት ሆኖ በራዲያተሩ ይወጣል። ጎማው ላይ የሚደርሰው ከ25 እስከ 35 ቢሆን ነው።

ስለ ውሃው ካነሱ፣ አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን 9 ሊትር ያህል ውሃ ይሆናል። ጠብ ጠብ ሲል ሲያዩት ያምራል፤ ግን መጀመሪያ ለመሰንጠቅ ያን ሁሉ ኤሌክትሪክ የበላው ውሃ ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ በመቶኛ ሲነገር ግራ ይገባኛል። በኪሎሜትር ቢነግሩኝስ?

መልስ፦ እሺ ልጄ። አንድ ኪሎ ሃይድሮጂን ከውሃ ለማውጣት 55 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ለማመቅና ለማቀዝቀዝ 5 ጨምርበት፤ 60 ሆነ። እንደ ቶዮታ ሚራይ ያለ የሃይድሮጂን መኪና በአንድ ኪሎ 100 ኪሎሜትርና ከዚያ ትንሽ አለፍ ያለ ይሄዳል። አሁን ያንኑ 60 ለባትሪ መኪና ስጠው። ከሶኬት ሲለካ በ100 ኪሎሜትር 20 ይፈጃል ብንል (ይህ ለትልቅ የቤተሰብ መኪና የሚሆን፣ ለጋስ ግምት ነው) 300 ኪሎሜትር ያደርሰዋል። ሌላ የምጨምረው የለኝም፤ ክርክሩ በሙሉ እዚህ ሦስት መስመር ውስጥ አለ።

ጥያቄ፦ ሃይድሮጂን በኪሎ ሲታይ ከባትሪ እጅግ የበለጠ ኃይል ይይዛል ይባላል። ሐሰት ነው?

መልስ፦ እውነት ነው። አንድ ኪሎው 33 ኪሎዋት ሰዓት ይይዛል፤ አንድ ኪሎ የመኪና ባትሪ ግን የአንድ ኪሎዋት ሰዓት ሩብ እንኳ አይሞላም። ነገር ግን ጋዙ ብቻውን አይጓዝም። 700 ባር ግፊት የሚችል፣ በካርቦን ፋይበር የተጠቀለለ ሲሊንደር ይፈልጋል። ሁለተኛው ትውልድ ሚራይ የሚይዘው 5.6 ኪሎ ሲሆን ለዚያ 140 ሊትር ያህል ቦታ ይወስዳል፤ የሲሊንደሮቹ ክብደትም ከጋዙ ብዙ እጥፍ ነው። ደግሞም ሁለት ነገር አንቀላቅል፦ እንስራው ብዙ መያዙ ሌላ፣ ከምንጭ እስከ ቤት ምን ያህል መፍሰሱ ሌላ።

ጥያቄ፦ በአምስት ደቂቃ ይሞላል። ለእኔ ይህ ይበቃኛል።

መልስ፦ ጊዜ ለሚቆጥር ሰው ተገቢ መልስ ነው፤ አልከራከርዎትም። ብቻ አምስቱ ደቂቃ እንዴት እንደሚገኝ ይወቁ። ጋዝ በፍጥነት ሲታመቅ ይሞቃል፤ ሲሊንደሩ ከመጠን በላይ እንዳይግል ማደያው ሃይድሮጂኑን ከዜሮ በታች እስከ 40 ዲግሪ ያቀዘቅዘዋል። አንድ ማደያ ቆሜ ያየሁት፦ ሦስት መኪና ተከታትሎ ከሞላ በኋላ የቧንቧው አፍ ነጭ አመዳይ ለብሶ መኪናው ላይ ተጣብቆ ቀረ። ሾፌሩ በመዳፉ ሊያሞቀው ሞከረ፤ ከዚያ ተወውና እስኪቀልጥ እጁን ኪሱ ከትቶ ጠበቀ። ቀጣዩ ባለ መኪና ደግሞ ኮምፕሬሰሩ ግፊቱን እስኪመልስ ቆመ።

ጥያቄ፦ ይፈነዳል?

መልስ፦ ሲሊንደሩ ከመኪናው ጠንካራ አካላት አንዱ ነው። ሃይድሮጂን ከአየር 14 ጊዜ ስለሚቀል ሜዳ ላይ ቢያመልጥ ወደ ላይ ይበተናል። የሚያሰጋው ጣሪያው ዝግ የሆነ ጋራዥ ነው።

ጥያቄ፦ ፊውል ሴሉን ትተን እንደ ቤንዚን ሞተር ውስጥ ብናነደውስ?

መልስ፦ ተሞክሯል። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ2006 ሃይድሮጂን 7 የተባለውን ባለ 12 ሲሊንደር ሞተር መኪና አስተዋውቆ ነበር። ፈሳሽ ሃይድሮጂን የሚይዝ ሲሆን እሱም ከዜሮ በታች 253 ዲግሪ ላይ መቆየት አለበት። ጋዙን ወደ ፈሳሽ መቀየሩ ብቻ ከሚይዘው ኃይል ሲሶ ያህል ይበላል። መኪናው ቆሞ ሲውል ደግሞ ነዳጁ ቀስ በቀስ ይተናል። ሞተሩም ከፊውል ሴል ይልቅ አባካኝ ነው።

ጥያቄ፦ የፀሐይና የነፋስ ኃይል ተርፎ የሚጣልበት ሰዓት አለ። ከሚጣል ሃይድሮጂን ቢሆን ብክነቱ ማንን ይጎዳል?

መልስ፦ ከቀረቡልኝ ሁሉ ከባዱ ይህ ነው። ትርፍ ኃይል የሚገኘው በቀን ለጥቂት ሰዓታት ነው፤ ውሃ የሚሰነጥቀው መሣሪያ ግን ውድ ነው። ለጥቂት ሰዓት ብቻ ከሠራ ሌላውን ጊዜ ቆሞ ዕዳ ይቆጥራል፤ ቀኑን ሙሉ ከሠራ ደግሞ የሚበላው ትርፍ ያልሆነውን ነው። ከዚህም በላይ ዛሬ ለማዳበሪያ የሚውለው ሃይድሮጂን በአብዛኛው ከተፈጥሮ ጋዝና ከድንጋይ ከሰል የሚወጣ ነው፤ ከጋዙ ሲወጣ ለእያንዳንዱ ኪሎ 10 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለቀቃል። ንጹሑ ሃይድሮጂን ሲገኝ መጀመሪያ ያንን ይተካ። ማዳበሪያ በባትሪ አይሠራም፤ መኪና ግን ይሠራል።

ጥያቄ፦ ኤሌክትሪኩም ከተፈጥሮ ጋዝ የሚመጣ ከሆነስ?

መልስ፦ ልዩነቱ ይጠባል፤ ከጋዝ በቀጥታ ሃይድሮጂን ማውጣት ውሃ ከመሰንጠቅ ያነሰ ያባክናልና። ቢሆንም ዘመናዊ የጋዝ ኃይል ማመንጫ ከጋዙ ከግማሽ በላዩን ወደ ኤሌክትሪክ ስለሚቀይር ባትሪው አሁንም ይቀድማል።

ጥያቄ፦ በብርድ ጊዜ ባትሪ ይደክማል አይደል?

መልስ፦ ይደክማል። መኪናውን ውስጡን ለማሞቅም ከራሱ ይቀንሳል። ፊውል ሴሉ ግን የሚያባክነው ሙቀት ስላለው ተሳፋሪውን በነጻ ያሞቃል። በዚህ በኩል ሃይድሮጂን በልጧል፤ ሦስት እጥፉን ልዩነት ግን አይዘጋውም።

ጥያቄ፦ ያገለገለ የሃይድሮጂን መኪና በርካሽ አገኘሁ። ልግዛ?

መልስ፦ መጀመሪያ ማደያ ይፈልጉ። እ.ኤ.አ. በ2024 ሼል በካሊፎርኒያ የነበሩትን የቤት መኪና ሃይድሮጂን ማደያዎቹን ዘግቷል፤ ባለ መኪኖቹም ሩቅ ሄደው ለመሰለፍ ተገደዱ። ርካሽ የሆነበት ምክንያት ያ ሊሆን ይችላል። ከቤትዎ እስከ ማደያው ደርሶ መልስ ስንት ኪሎሜትር እንደሆነ ይለኩና በአንድ ሙሌት ይሄዳል ከተባለው ላይ ይቀንሱት።