ለዓመታት የቆመች ላንድ ክሩዘር፦ ከቀለሙ በፊት ሻንሲው

ወንድሜ፣ ከአባትዎ የወረሷት ባለ 2ኤች የናፍጣ ሞተር ላንድ ክሩዘር ኮምቦልቻ ግቢዎ ውስጥ ለዓመታት እንደቆመች ገልጸው፣ እቤት ሊያድሷት ሲነሱ ከቀለሙ ቢጀምሩ፣ ትልልቅ ጎማ ቢያስገቡና ባሌስትራውን (መኪናዋን የሚሸከመውን ተደራራቢ የብረት ስፕሪንግ) ከፍ ቢያደርጉ ይሻል እንደሆነ ጠይቀዋል። እኔም ደሴ ግቢዬ ውስጥ የዚህችኑ ዓይነት መኪና አድሼ ስለምነዳ የማውቀውን ልንገርዎ። ቀለሙን የመጨረሻ ያድርጉት፤ ገንዘብዎን በቅድሚያ ሻንሲው (መኪናዋ የተሠራችበት የብረት አጽም)፣ ፍሬኑና ማቀዝቀዣው ላይ ያውሉት።

ስቱኮ (ከቀለም በፊት የሚለቀለቀው መሙያ) እና ቀለም ብዙ ጉድ ይሸፍናሉ። ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለው በበሮቹ ሥርና ከኋላ ጎማዎቹ በላይ ቀስ አድርገው ያሳልፉት፤ ይዞ የነበረው ማግኔት በድንገት ከለቀቀ እዚያ ቦታ ላይ ስቱኮው ወፍሯል ማለት ነው። ሻንሲውንም በትንሽ መዶሻ እየመቱ ያድምጡ፤ ጤነኛው ብረት ጥርት ያለ ድምፅ ሲሰጥ፣ የተበላው የታፈነ ድምፅ ይሰጣል፣ ከባሰም ቅርፊቱ ይረግፋል። የተበላውን ክፍል ንጹሕ ብረት እስኪታይ ድረስ አስቆርጠው በአዲስ ላሜራ ያስተኩት እንጂ ከላዩ አያስለጥፉበት፤ ዝገቱ ከሥር መብላቱን አይተውም። ብየዳው ነጥብ ነጥብ እየተደረገና እየቀዘቀዘ ካልተሠራ ላሜራው ይጣመማል። ከብየዳው በፊት የባትሪው ገመዶች ይነቀሉ፤ ባዶ ሰልባትዮ (የነዳጅ ታንከር) ውስጥ የቀረ ትነት ሊፈነዳ ስለሚችል ሰልባትዮው ወርዶ ራቅ ይበል፤ በክሪክ ብቻ በቆመች መኪና ሥርም ማንም ሰው አይግባ።

ሞተሩን ለማስነሳት አይቸኩሉ። አሮጌውን ናፍጣ ያፍስሱ፣ ፊልትሮውን ይቀይሩ፣ ካንዴላዎቹን (ሞተሩ ሲነሳ ሲሊንደሩን የሚያሞቁትን) አውጥተው በየቀዳዳው ጥቂት የሞተር ዘይት ካንጠባጠቡ በኋላ አሳድረው ሞተሩን በመፍቻ ቁልፍ በእጅዎ ያዙሩት፤ ያለችግር ከዞረ ብቻ ሞቶሪኖውን (ማስነሻውን) ይሞክሩ። 2ኤች 3,980 ሲሲ፣ ባለ 6 ሲሊንደር ጠንካራ ሞተር ስለሆነ በሌላ ለመለወጥ የሚነግርዎትን ሰው አይስሙ።

ማቀዝቀዣው በእኛ አገር የተለየ ጥንቃቄ ይፈልጋል። ደሴ ከባሕር ጠለል በላይ 2,500 ሜትር አካባቢ ስለሆነች ክፍት ውሃ በ92 ዲግሪ ገደማ ይፈላል፤ ከኮምቦልቻ ተነሥተው ወደ ደሴ የሐረጎን ዳገት ሲወጡ ውሃው እንዳይፈላ የሚያግዘው የራዲያተሩ ክዳን የሚይዘው ግፊት ስለሆነ፣ ላስቲኩ የደረቀ ክዳን ሳይውል ሳያድር ይቀየር። ብዙ መካኒኮች መኪናዋ እንዳትሞቅ ብለው ቴርሞስታቱን (ሞተሩ እስኪሞቅ ውሃው ወደ ራዲያተር እንዳያልፍ የሚይዘውን) ያወጡታል፤ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። በደሴ ብርድ ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት ሳያገኝ ይሠራል፣ ናፍጣው በደንብ አይነድም፣ ሲሊንደሩም ያለጊዜው ይበላል።

ፍሬኑን በተመለከተ፣ የፍሬን ዘይት እርጥበት ስለሚስብ ለዓመታት በቆመች መኪና ውስጥ የፍሬን ሲሊንደሮቹን ከውስጥ ያዝጋል፤ ስለዚህ ላስቲክ ቱቦዎቹ በሙሉ ይቀየሩ፣ ሲሊንደሮቹም ተፈትተው ይታዩ። ትልልቅ ጎማን የምቃወመውም በዚሁ ምክንያት ነው። ጎማው በተለቀ ቁጥር ማርሹ ይከብዳል፣ ፍሬኑም መኪናዋን ለማቆም የበለጠ ኃይል ይጠይቃል፤ ሐረጎን ሲወርዱ ይህ አደገኛ ነው። የተለመደው 7.50-16 ጎማ ለወረ ኢሉም ሆነ ለደላንታ መንገድ ይበቃል። ባሌስትራው ከረገበ ወደ ቀድሞ ልኩ ይመለስ፤ ከዚያ በላይ ከፍ ሲል ክሮቼራው (የማስተላለፊያው ዘንግ መጋጠሚያ) ያለአግባብ ተጣሞ ስለሚዞር ቶሎ ያልቃል።

ከራስዎ የሚጨምሩት ነገር ካለ የጭጋግ መብራት ዝቅ አድርገው ያስገጥሙ፤ የጦሳ ተራራን ጭጋግ ያውቁታልና። ገመዱ ግን በፊውዝና በሪሌ (በኤሌክትሪክ የሚሠራ ማብሪያ) ይለፍ። የመኪናዋን ቀለም ሊለውጡ ካሰቡም ሊብሬው ላይ ስለተመዘገበ ከመቀባትዎ በፊት ለትራንስፖርት መሥሪያ ቤቱ ያመልክቱ። ባተላሜራው (የመኪና አካል ሠራተኛው) ሻንሲውን መፋቅ ሲጀምርም አጠገቡ ይሁኑ፤ ቁጥሩ አብሮ እንዳይፋቅ የሻንሲ ቁጥሩ የተመታበትን ቦታ ቀድመው በወፍራም ፕላስተር ይሸፍኑት።