ስለ እስያ ፋብሪካዎችና ዕድገት፦ ጥያቄና መልስ

ከላካችኋቸው ጥያቄዎች የቻልኩትን ያህል መልሻለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ምርታማነት ማለት ብዙ ማምረት ነው?

አይደለም። ሠራተኛውን እጥፍ አድርጎ እጥፍ ሸሚዝ የሰፋ ፋብሪካ ምርቱ አደገ እንጂ ምርታማነቱ ባለበት ነው። በዚያው ሰውና በዚያው ሰዓት ብዙ ሸሚዝ ሲወጣ ነው ምርታማነት አደገ የሚባለው። ደመወዝም ዘላቂ በሆነ መንገድ የሚጨምረው ያኔ ነው።

ጥያቄ፦ ለምን የግድ ፋብሪካ?

ከእርሻ የመጣን፣ ብዙ ያልተማረን ሰው በአጭር ሥልጠና ሥራ ያስይዛላ! ገበያውም ሰፊ ነው። የፀጉር ቆራጭ ደንበኛ የሰፈሩ ሰው ነው፤ ሸሚዝ ግን ባሕር ተሻግሮ ይሸጣል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ፣ ባንግላዴሽ ካፒታልም በቂ ጥጥም አልነበራትም። እንዴት የጋርመንት አገር ሆነች?

ይህን ጥያቄ እወደዋለሁ። በ1970ዎቹ ሀብታም አገሮች ከደቡብ ኮሪያ በሚገባ ልብስ ላይ ኮታ፣ ማለትም የመጠን ገደብ፣ ጥለው ነበር። የኮሪያው ኩባንያ ዳዉ ኮታ ያልያዛት አገር ሲፈልግ ከባንግላዴሹ ዴሽ ጋርመንትስ ጋር ተዋዋለ። በ1979 ዴሽ ወደ 130 የሚጠጉ ሠራተኞቹን ወደ ኮሪያዋ ቡሳን ከተማ ልኮ ለወራት አሠለጠነ። ስፌት ብቻ አልነበረም የተማሩት፤ መስመር ማደራጀትን፣ ጥራት መቆጣጠርን፣ ከገዢ ጋር መደራደርንም ጭምር እንጂ። በጥቂት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ ለቀው ወጡ። አንዳንዱ የራሱን ፋብሪካ ከፈተ፣ ሌላው ሌላ ቦታ ተቀጠረ። ለዴሽ ከባድ ነበር፤ ለአገሪቱ ግን ዕውቀቱን በየፋብሪካው የበተነው ይህ ፍልሰት ነው።

መንግሥትም ረድቷል። ፋብሪካው የውጭ ገዢ የከፈተለትን ኤልሲ (ባንክ ለሻጭ ክፍያውን የሚያረጋግጥበት ሰነድ) ይዞ ባንክ ይሄዳል፤ በእሱ ዋስትና ለጨርቁ ሌላ ኤልሲ ይከፈትለታል። ከኪሱ ዶላር አያወጣም። ጨርቁም ተሰፍቶ ወደ ውጭ እስከሚላክ ድረስ ያለ ቀረጥ በሚቀመጥበት በቦንድድ መጋዘን ይገባል። ዛሬ ከባንግላዴሽ የወጪ ንግድ ከ80 በመቶ በላይ ልብስ ነው።

ጥያቄ፦ ራና ፕላዛንስ ረሱት?

አልረሳሁትም። ኤፕሪል 2013 ይህ የልብስ ፋብሪካዎች የነበሩበት የባንግላዴሽ ሕንፃ ተደርምሶ ከ1,100 በላይ ሰው ሞተ። ስንጥቁ ከአንድ ቀን በፊት ታይቶ ነበር፤ በማግስቱ ሠራተኞቹ ግቡ ተባሉ። በሰው ሕይወት የተገኘ ርካሽ ዋጋ ምርታማነት አይባልም። የውጭ ገዢ ድርጅቶች ከሠራተኛ ማኅበራት ጋር ፈርመው ሕንፃዎችን ማስፈተሽ የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነው። ቀድሞ መደረግ ነበረበት።

ጥያቄ፦ ከሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ጋር ሲነጻጸርስ?

ፓርኩ የተመረቀው በ2016 ነው። በ2022 መጀመሪያ ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ አሜሪካ ለአፍሪካ አገሮች ከሰጠችው የቀረጥ ነፃ ዕድል፣ ስትሰረዝ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ መላክ ቀረ፤ ይህ ትልቅ ጉዳት ነው። እኔ ግን ከሼዱ ብዛት ይልቅ ከዚያ ተምረው የራሳቸውን ፋብሪካ የከፈቱ ኢትዮጵያውያን ስንት እንደሆኑ ቢቆጠር እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ የኢኮኖሚ ባለሙያው ፖል ክሩግማን የእስያ ዕድገት ተአምር አይደለም ብሎ የለ?

ብሏል፣ በ1994። ዕድገቱ በአመዛኙ ብዙ ሰውና ብዙ ማሽን ከማሰለፍ የመጣ ነው፣ ይህ ደግሞ ገደብ አለው የሚል ነው ክርክሩ። ዋና ምሳሌው ሲንጋፖር ነበረች። ማስጠንቀቂያው ተገቢ ይመስለኛል። ነገር ግን አዲስ ማሽን አዲስ አሠራርም ይዞ ይመጣል፤ ሁለቱን በሒሳብ መለየት ከባድ ነው።

ጥያቄ፦ ቬትናምስ?

በ1986 ዶይ ሞይ በተባለው ማሻሻያ በሯን ከፈተች። በ2009 ሳምሰንግ ባክ ኒን ላይ ስልክ ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወዲህ የምትልከው ስልክ እጅግ ብዙ ነው፤ ውድ ውድ ክፍሎቹ ግን ከውጭ ይመጣሉ። የቀራት ሥራ የአገር ውስጥ አቅራቢዎችን ማሳደግ ነው።