መልስ፦ «ሀገረ ምናምን» የምትባለው የአያትሽ ከተማ

እህቴ፣ አያትሽ ያደጉባት ከተማ «ሀገረ» ብላ እንደምትጀምር ብቻ ነው የምታውቂው። ሌላው አያትሽ ሲያወሩ የያዝሽው ነው፦ የድሮው ክፍለ ሀገር ሲዳሞ፣ ብርድ፣ ቡርሳሜ የሚባል ምግብ፣ ወርቅ ወዳለበት የሚሄዱ መኪኖች። ይሄ እኮ ትንሽ መረጃ አይደለም!

ሀገረ ሕይወትን ተያት። እሷ የዛሬዋ አምቦ ናት፣ ሸዋ። ሲዳሞ ውስጥ ግን ሁለት ነበሩ፤ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ሀገረ ማርያም ከዲላ ወደ ሞያሌ በሚወስደው መንገድ ላይ ናት። ዛሬ ካርታ ላይ ቡሌ ሆራ ብለሽ ነው የምታገኛት፣ ኦሮሚያ ውስጥ። ሌላዋ ሀገረ ሰላም ናት፣ የሁላ ወረዳ ከተማ።

እኔ ሀገረ ሰላም ናት ባይ ነኝ። ደጋ ናት፤ ጠዋት ጉሙ የእንሰቱን ቅጠል ሸፍኖት፣ ሰው ጋቢውን እስከ አፍንጫው ተከናንቦ ይወጣል። መንገዱ በቦሬ አድርጎ ክብረ መንግሥት ይገባል፤ ወርቅ ያለባት አዶላ ማለት እሷ ናት። ከሁሉም በላይ ግን ቡርሳሜ! በቅቤ የራሰ የእንሰት ምግብ ነው፣ የሲዳማ። አያት በልጅነት የበሉትን አይረሱም።

ስትፈልጊ «ሀገረ ሰላም» ብቻ ብለሽ አትጻፊ። ትግራይ፣ ደጉዓ ተምቤን ውስጥም አንዲት ሀገረ ሰላም አለች፤ ቀድማ የምትመጣልሽ እሷ ልትሆን ትችላለች። «ሁላ» ጨምሪበት። ክልሉንም ሲዳማ በይ፤ ከ2012 ጀምሮ ራሱን የቻለ ክልል ነው።

አያትሽ በሕይወት ካሉ የገበያውን ቀንና ያጠመቃቸውን ደብር ዛሬውኑ ጠይቂያቸው። ከነገሩሽ እዚሁ ጻፊልኝ፣ አብረን እንፈልጋለን።