ውኃው ወጣ፤ ሙሴ ግን ተወቀሰ

ጥያቄ፦ መምህር፣ ወንድሜ ከመጠጥ እንዲላቀቅ ስጾምና ስጸልይ ዓመታት አለፉ። ጠብ ያለ ነገር የለም። ጓደኛዬ ደግሞ በሐሰት የሥራ ልምድ ማስረጃ ጥሩ ሥራ አገኘች። አሥራቷን ሳታጓድል ታወጣለች። «እግዚአብሔር ባይፈቅደው ኖሮ አይሳካም ነበር» ትለኛለች። ታዲያ የእኔ ድካም ምን ዋጋ አለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ስለ ጾምና ጸሎት ሥርዓት አልነግርሽም፤ ታውቂዋለሽ። ያሳሰበኝ የጓደኛሽ አባባል ነው። «ተሳካልኝ፤ ስለዚህ እግዚአብሔር ወዶታል» የሚል ሰው ብዙ አጋጥሞኛል። ይበልጥ ያሳዘነኝ ግን አንቺም ራስሽን በዚያው ሚዛን መመዘንሽ ነው። እሷ ስለተሳካላት ትክክል ነኝ አለች። አንቺ ስላልተሳካልሽ ከንቱ ደከምኩ አልሽ።

እስቲ ዘኍልቍ 20ን አንብቢ። ሕዝቡ ተጠምቷል። እግዚአብሔር ሙሴን ዓለቱን እንዲናገረው አዘዘው። ሙሴ ግን «እናንተ ዓመፀኞች» ብሎ ተቆጣቸውና ዓለቱን በበትሩ ሁለት ጊዜ መታው። ቀደም ሲል በኮሬብ «ምታው» ተብሎ ነበር (ዘጸ. 17)፤ ምናልባት ያኔ የሠራው ዛሬም ይሠራል ብሎ ይሆናል። ምን ሆነ? ውኃው ወጣ፤ ያውም ብዙ ውኃ። ሰዉም ከብቱም ጠጣ። እዚያ ቆሞ ያየ ሰው «እግዚአብሔር በሙሴ ሥራ ደስ ብሎታል» ቢል አይፈረድበትም። ወዲያው የመጣው ቃል ግን ከባድ ነበር፤ ሙሴና አሮን ሕዝቡን ወደ ተስፋይቱ ምድር እንደማያስገቡ ተነገራቸው። ውኃውን ያወጣው ለተጠማው ሕዝብ የራራ አምላክ ነው። ሙሴ ግን ስለሠራበት መንገድ ተጠየቀ።

ጓደኛሽ ያገኘችው ደመወዝም ለሐሰቱ ምስክር ሊሆን አይችልም። አሥራቱም አያጥበውም። ያ ቦታ በእውነት ልምድ ላለው ሰው ይገባ ነበር። (አሥራት ማውጣቷ እግዚአብሔርን እንደምትፈልግ ያሳያልና ይህን የምለው እያዘንኩ ነው።) ሌላ ሰው በሌለበት፣ በፍቅር ንገሪያት።

ወደ አንቺ ልመለስ። ኤርምያስ 23 ዓመት ተናግሮ እንዳልሰሙት ራሱ ይመሰክራል (25፥3)። በውጤት ከለካሽው የከሸፈ ነቢይ ነው። ጳውሎስም «እያንዳንዱ እንደ ራሱ ድካም መጠን የራሱን ደመወዝ ይቀበላል» ብሏል (1ኛ ቆሮ. 3፥8)። እሱም የተከለውን ማሳደጉን ለእግዚአብሔር ትቶታል።

አንድ ነገር ግን ሳልሸሽግ ልንገርሽ። ድካምሽን እንደ ክፍያ አትቁጠሪው። «ይህን ያህል ጾሜያለሁ» ብለን ከእግዚአብሔር እጅ ሰው አንገዛም። ወንድምሽም የራሱ ፈቃድ አለው። ደግሞ መንገድሽን መርምሪ። ሌሊት አልቅሰሽለት፣ ሰክሮ ሲገባ በር ላይ በስድብ ትቀበይዋለሽ? በጸሎት የገነቡትን በምላሳቸው የሚያፈርሱ ስንት እናቶችና እኅቶች አሉ! በስካሩ ሰዓት አትምከሪው። ሲነጋ፣ ልቡ ሲረጋ አጠገቡ ቁጭ በይና አናግሪው። ሐኪም ዘንድ መሄድም የእምነት ማነስ አይደለም። ብዙ ዓመት በብዛት የጠጣ ሰው በአንዴ ሲያቆም ሰውነቱ ክፉኛ ሊታወክ ይችላል፤ ስለዚህ ክትትል ያስፈልገዋል። እሺ ካለሽ ብቻውን አትላኪው፤ አብረሽው ሂጂ።